አዲሱ ኮምፒውተርና የቤታችን ዋይፋይ፦ ምርመራ ከወቀሳ ይቅደም

ከመስቀል በዓል በኋላ ባሉት ሳምንታት በየዓመቱ ወደ ሚዲያ ክፍላችን የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ወንድሜ ከአዲስ አበባ ኮምፒውተር አምጥቶልኝ ነበር፤ የቤታችን ዋይፋይ ግን አልሠራለት አለ» የሚል ነው። መስቀል በጉራጌ ምድር የመገናኛ በዓል መሆኑን ታውቃላችሁ። በመርካቶ የሚነግደው፣ በሌላ ክልል የሚሠራው፣ በባሕር ማዶ የሚኖረውም ጭምር በመስከረም አጋማሽ ወደ ወላጆቹ ቤት ይመለሳል። ባዶ እጁን የሚመለስም የለም። ቀድሞ ጋቢና ሻሽ፣ ቡናና ስኳር ይመጣበት በነበረው ሻንጣ ውስጥ ዛሬ ላፕቶፕም ተጨምሯል።

ዕቃው ወደ ቤት ሲገባ ደስታ ነው። በሦስተኛው ቀን ግን ደስታው ወደ ክርክር ይለወጣል። እናት «ያረጀ ዕቃ ነው የሸጡልህ» ይላሉ። ያመጣው ልጅ አፍሮ ወደ ሻጩ ይደውልና ይቆጣል። ታናሽየው ደግሞ «የጎረቤቱ ልጅ መስመራችንን እየሳበብን ነው» ብሎ ይጠረጥራል። አንድም ሰው ግን ጥፋቱ በእርግጥ የት እንዳለ አልመረመረም። በወልቂጤም በቡታጅራም በገባሁባቸው ቤቶች ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው። የመሣሪያው ችግር ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ የሚፈታ ሲሆን፣ በችግሩ ምክንያት በሰው ላይ የተሰነዘረው ቃል ግን ከርሞ ይቆያል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ላስተላልፍላችሁ የምወደው ነገር አንድ ነው፦ ምርመራ ከወቀሳ ይቅደም። ምርመራውም እንዲሁ በዘፈቀደ ይህንንም ያንንም መነካካት ሳይሆን ሥርዓት ያለው ነው። አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁ መልሱን ታያላችሁ፤ አንድ ነገር ትለውጡና ውጤቱን ትጠብቃላችሁ። የምጽፈውም ለባለሙያ ሳይሆን ለቤተሰብ ነውና ማንም አንባቢ ሊከተለው ይችላል።

፩. የደጃፉ መንገድና የአገሩ መንገድ

ብዙ ሰው «ዋይፋይ» እና «ኢንተርኔት» የሚሉትን ቃላት ለአንድ ነገር ይጠቀምባቸዋል። ሁለቱ ግን ልዩ ልዩ ናቸው፤ የጉራጌን መንደር የሚያውቅ ሰውም ልዩነቱን በቀላሉ ይረዳዋል። ከቤታችሁ ደጃፍ እስከ ጀፎረው የምትሄዱበት አጭር መንገድ አለ። ከጀፎረው ወጥታችሁ ደግሞ ወደ አስፋልቱ፣ በአስፋልቱም ወደ አዲስ አበባ ትሄዳላችሁ። ዋይፋይ ማለት ከኮምፒውተራችሁ እስከ ራውተሩ ድረስ በአየር ላይ የሚሄደው አጭሩ የደጃፍ መንገድ ነው። ኢንተርኔት ደግሞ ከራውተሩ ተነሥቶ በመዳብ ሽቦ፣ በፋይበር ወይም በሞባይል ኔትወርክ በኩል ወደ ዓለም የሚወጣው ረጅሙ መንገድ ነው። የደጃፋችሁ መንገድ ጭቃ በሆነበት ቀን አስፋልቱ ደኅና ሊሆን ይችላል፤ አስፋልቱ በጎርፍ በተቆረጠበት ቀንም የደጃፋችሁ መንገድ ምንም ላይሆን ይችላል።

ሁለቱ መንገዶች በእኛ አቆጣጠር በአንድ ዓመት ብቅ ማለታቸው ይገርማል። በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በጥር ወር 1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዋይፋይ የተመሠረተበት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ደረጃም የጸደቀው በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ነው። ዕድሜያቸው እኩል ቢሆንም ሥራቸው ለየቅል ነውና ሲበላሹም የሚመረመሩት ለየብቻ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ «ተገናኝቷል፤ ነገር ግን ኢንተርኔት የለም» የሚል መልእክት ስታዩ፣ መሣሪያው የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው፦ ጀፎረው ድረስ ደርሻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን መንገድ አላገኘሁም ማለቱ ነው።

፪. ሦስት ጥያቄዎች

ማንኛውንም ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ጠይቁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «በዚሁ ዋይፋይ ስልክ ይሠራል ወይ?» የሚል ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የስልኩን የሞባይል ዳታ አጥፉት። ዳታው ክፍት ከሆነ ዋይፋዩ ቢሞትም ስልኩ በሲም ካርዱ በኩል ገጹን ከፍቶ ያሳያችኋል፤ እናንተም «ስልኩ ይሠራል፤ ስለዚህ ችግሩ የኮምፒውተሩ ነው» ብላችሁ በተሳሳተ ምስክር ትፈርዳላችሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ «ኮምፒውተሩ በሌላ ዋይፋይ ይሠራል ወይ?» የሚል ነው። ይህን ለማወቅ ጎረቤት መሄድ አያስፈልጋችሁም። በስልካችሁ ሆትስፖት ክፈቱና ኮምፒውተሩን ከእርሱ ጋር አገናኙት። ከሠራ የኮምፒውተሩ የዋይፋይ ክፍል ጤነኛ ነው፤ ሻጩም ነጻ ወጥቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ «በኬብል ይሠራል ወይ?» የሚል ነው። ከራውተሩ ጋር አብሮ የሚመጣ አጭር የኔትወርክ ኬብል አለ፤ አብዛኛው ቤት በካርቶኑ ውስጥ እንደ ተጠቀለለ ያስቀምጠዋል። ኮምፒውተሩ የኬብል መሰኪያ ካለው ከራውተሩ ጋር በቀጥታ አገናኙት። በኬብል ሠርቶ በዋይፋይ እምቢ ካለ፣ የአገሩ መንገድ ደኅና ነው፤ የተቋረጠው የደጃፉ መንገድ ብቻ ነው።

እነዚህ ሦስት መልሶች ከተገኙ የፍለጋው ሜዳ ከግማሽ በላይ ጠበበ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው በጠበበው ሜዳ ውስጥ መፈለግ ነው።

፫. ስልኩም ኮምፒውተሩም እምቢ ካሉ

ስልኩም ኮምፒውተሩም ካልሠሩ ዓይናችሁን ከአዲሱ ኮምፒውተር ላይ አንሡና ወደ ራውተሩ መልሱ። በመጀመሪያ የወር ክፍያው መከፈሉን ወይም የዳታ ጥቅሉ አለማለቁን አረጋግጡ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በበዓል ሰሞን ቤት በእንግዳ ተሞልቶ የክፍያው ቀን የተረሳበት ብዙ ቤት አለ።

ቀጥሎ መብራቶቹን አንብቡ። በፋይበር በሚሠራ ራውተር ላይ በእንግሊዝኛ «ሎስ» ተብላ የምትነበብ ባለ ሦስት ፊደል ጽሑፍ ያለባት ትንሽ መብራት አለች። ቀይ ሆና ከበራች ወይም ብልጭ ድርግም ካለች፣ ብርሃኑ በፋይበሩ ውስጥ ወደ ቤታችሁ አልደረሰም ማለት ነው። የፋይበሩ ገመድ ከመሰኪያው መላላቱን ወይም በዕቃ ተጭኖ መታጠፉን ከውጭ ተመልከቱ። ነቅላችሁ ጫፉን በዓይናችሁ አትመልከቱ፤ በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን የማይታይ ቢሆንም ለዓይን አደገኛ ነው። ገመዱ ደኅና ሆኖ መብራቷ ቀይ ከሆነች፣ በቤት ውስጥ የምትሠሩት ሌላ ሥራ የለም። ለአገልግሎት ሰጪው መደወል ነው፤ ለኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቁጥሩ 994 ነው።

መብራቶቹ ደኅና ከሆኑ ራውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆዩና መልሳችሁ ሰኩት፤ ከዚያም ሦስት ደቂቃ ያህል ታገሡ። መብራት እየሄደ በሚመጣባቸው ከተሞቻችን ራውተር በመካከል ተደናግሮ መቅረቱ የተለመደ ነውና ይህ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ነገር ግን አጥፍቶ ማብራትና በቀጭን ቀዳዳ ውስጥ ያለችውን «ሪሴት» የምትባል ቁልፍ መጫን ፈጽሞ አንድ አይደሉም። ያቺን ቁልፍ በመርፌ ወግቶ ለጥቂት ሰከንድ የያዘ ሰው በራውተሩ ውስጥ የተመዘገበውን ሁሉ ያጠፋል፤ አገልግሎት ሰጪው ያስገባው የመግቢያ ስምና ምስጢር ቁጥርም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ በኋላ ትንሹ ችግር ትልቅ ይሆናል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ስለ ራውተሩ ማረፊያም አንድ ቃል ልጨምር። በብዙ ቤት ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በቡፌው ውስጥ ተወሽቆ፣ አቧራ እንዳይነካውም ዳንቴል ለብሶ አገኘዋለሁ። እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ዕቃውን አክብረው ነው። ነገር ግን ዳንቴሉ ሙቀቱን ያፍነዋል፤ ቴሌቪዥኑም ሞገዱን ይከልለዋል። ብረት ደግሞ የዋይፋይን ሞገድ አያሳልፍም፤ መልሶ ያነጥረዋል። ስለዚህ በቆርቆሮ የተሠራ የጓሮ ክፍል ወይም የብረት በር ያለው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ሆኖ «ዋይፋዩ ደካማ ነው» የሚል ልጅ፣ በአብዛኛው ራውተሩ ወደ መስኮት አካባቢ ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ችግሩ ይቃለልለታል። ነጎድጓድ በሚበረታበት የክረምት ወራት ደግሞ ማታ ማታ ራውተሩን ከኤሌክትሪክ፣ በመዳብ ሽቦ የሚሠራ ከሆነም ከስልክ መስመሩ መንቀል ዕድሜውን ያረዝመዋል።

፬. ስልኩ ሠርቶ ኮምፒውተሩ ብቻ እምቢ ካለ

አሁን ወደ አዲሱ ኮምፒውተር እንምጣ። እዚህ ላይ መልኩ እንደየሁኔታው ይለያያል።

የዋይፋይ ምልክቱ ጨርሶ ካልታየ፣ በመጀመሪያ የበረራ ሁነታ ማለትም «ኤርፕሌን ሞድ» አለመብራቱን ተመልከቱ። በብዙ ላፕቶፕ የፊደል ገበታ ላይ የአውሮፕላን ሥዕል ያለባት ቁልፍ አለች፤ ሳይታወቅ ትነካለች። እርሱ ካልሆነ ምናልባት ድራይቨሩ አልተጫነም። ድራይቨር ማለት ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ክፍሎች እንዲያዝ የሚያስችለው አስተርጓሚ ነው። ከውጭ አገር ትንሽ ተሠርቶባቸው የሚመጡ ኮምፒውተሮች ለሽያጭ ሲዘጋጁ ዊንዶውስ እንደገና ይጫንባቸዋል፤ የዋይፋዩ ድራይቨር ግን አንዳንድ ጊዜ ይቀራል። ዕቃው አልተበላሸም፤ አስተርጓሚው ብቻ ነው የጎደለው። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ለኢንተርኔት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣችሁ የስልካችሁ የቻርጀር ገመድ ነው። ስልኩን በገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙና በስልኩ ላይ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ክፈቱ። ኮምፒውተሩ ያለ ዋይፋይ ኢንተርኔት ያገኛል፤ የዊንዶውስ ማሻሻያውም የጎደለውን ድራይቨር በአብዛኛው ራሱ ፈልጎ ይጭነዋል።

ምልክቱ ኖሮ የጎረቤቶች ዋይፋይ እየታየ የእናንተ ብቻ ካልታየ፣ ነገሩ የሞገድ ነው። የቤት ራውተሮች በ2.4 ጊጋኸርዝ ወይም በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይሠራሉ። ሁለተኛው ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ማለፍ ይከብደዋል፤ ያረጁ ኮምፒውተሮችም ከነጭራሹ አያዩትም። ደግሞም ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጁ አንዳንድ ኮምፒውተሮች በ2.4 ጊጋኸርዝ ውስጥ ያሉትን ቻናል 12ን እና 13ን አይመለከቱም። ወንድም ወይም እኅት ከአሜሪካ የላኩት ኮምፒውተር የሁሉን ቤት ዋይፋይ እያየ የእናንተን ብቻ ካላየ፣ የራውተሩን ቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ማድረግ ይፈታዋል።

የይለፍ ቃሉን አልቀበል ካለ፣ ከመቆጣት በፊት የፊደል ገበታው በእንግሊዝኛ መሆኑን አረጋግጡ። አዲስ ኮምፒውተር ላይ አማርኛ የተጫነለት ተማሪ፣ የሚጽፈው ፊደል በነጠብጣብ ተሸፍኖ ስለሚታየው መለወጡን አያውቅም። የዓይን ሥዕል ያለባትን ምልክት ብትጫኑ የጻፋችሁት ይገለጥላችኋል። በራውተሩ ሆድ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት የምትገለብጡ ከሆነ ዜሮን ከእንግሊዝኛው «ኦ» ለዩ። የይለፍ ቃሉ በቅርቡ ተለውጦ ከሆነም ኮምፒውተሩ የቀድሞውን ይዞ እየሞከረ ይሆናልና «ፎርጌት» የሚለውን ተጭናችሁ እንዲረሳው አድርጉና እንደ አዲስ አገናኙት።

ተገናኝቶ ኢንተርኔት ከሌለው ደግሞ የአይፒ አድራሻውን በኔትወርኩ ዝርዝር ውስጥ ተመልከቱ። ራውተር ለሚገናኘው ሁሉ አድራሻ ያድላል፤ በቤቶቻችን ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምር ነው። በ169.254 የሚጀምር ካያችሁ፣ ኮምፒውተሩ አድራሻ ለምኖ ሳያገኝ ቀርቶ ለራሱ የሰጠው ነው። ሁለቱንም አጥፍቶ ማብራት ያስፈልጋል፤ ከዚህ ቀደም የነበረ ሰው በእጁ ያስገባው አድራሻ ካለም ወደ «አውቶማቲክ» መመለስ ነው።

፭. ሁለት የዘመን አቆጣጠር

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችንም በቀጥታ የሚነካው ጉዳይ ይህ ነው። በቡታጅራ በአንድ ቤት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች እኅታችን ባለፈው መስቀል ከታላቅ ወንድሟ ላፕቶፕ ተበርክቶላት ነበር። ዋይፋዩ ይገናኛል፤ አድራሻውም ትክክል ነው፤ ስልክም በዚያው ይሠራል። ነገር ግን በምትከፍተው ገጽ ሁሉ ላይ «ግንኙነታችሁ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ቤተሰቡ ማስጠንቀቂያውን ሲያይ ኮምፒውተሩ ቫይረስ እንዳለበትና ሻጩ አውቆ እንዳታለላቸው ደመደመ። ወንድሟ ከመርካቶ ሱቁ ሆኖ ወደ ሻጩ ደውሎ «ሌባ» እስከ ማለት ደርሷል። እርስዋም ለፈተና የምትዘጋጅበትን ትምህርት ማግኘት አቅቷት ሁለት ሳምንት አልፏታል።

በማያ ገጹ ጥግ ላይ ያለውን ቀን ተመለከትሁ፤ 2018 ይላል። «ቀኑን ማን አስገባው?» ብዬ ጠየቅኋት። «እኔ ነኝ ጋሼ፤ ሲከፈት ቀኑ ልክ አልነበረም፤ አስተካከልሁት» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ዘመኑ 2018 ዓመተ ምሕረት ነበር። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ፣ ራሱን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ አስቀመጠ።

ይህ ለምን ገጾችን እንደሚከለክል ልንገራችሁ። አስተማማኝ የሆነ ማንኛውም ገጽ የማንነት ምስክር ወረቀት ያቀርባል፤ ወረቀቱም የሚጸናበት ቀን መጀመሪያና መጨረሻ አለው። በ2025 ለገጾች ይሰጥ የነበረው ምስክር ወረቀት ከ398 ቀን በላይ አይጸናም ነበር። ኮምፒውተሩ ወረቀቱን ከራሱ ቀን ጋር ያመሳክራል። አንድ ሰው የሰበካ ጉባኤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ቢመጣና የተጻፈበት ቀን ከዛሬ ሰባት ዓመት በኋላ ቢሆን፣ ጸሐፊው ደብዳቤውን አይቀበልም። ኮምፒውተሩም ያደረገው ይህንኑ ነው። ራሱን በ2018 ያለ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ በ2025 የተሰጠው ምስክር ወረቀት ለእርሱ ገና ያልተጻፈ ደብዳቤ ነው። ማስጠንቀቂያው የሐቀኛ ዘበኛ ጩኸት ነበር፤ ሰው ግን ሌባ ተባለበት።

ባሕረ ሐሳብን የተማራችሁ ልጆች ይህን ከማንም ይልቅ ትረዱታላችሁ። በእኛና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ ወር ውስጥ እስከሚገባው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ ስምንት ዓመት ነው። ወሩና ቀኑም ይለያያሉ፤ ለምሳሌ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በእነርሱ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። የራሳችንን አቆጣጠር በልባችንና በቤተ ክርስቲያናችን እንደ ያዝን፣ ለመሣሪያው ደግሞ በሚገባው ቋንቋ መንገር ነው። ሁለቱም በየቦታቸው ትክክል ናቸው፤ ችግር የሚመጣው አንዱን በሌላው ወንበር ላይ ስናስቀምጠው ነው።

መፍትሔው እንዲህ ነው። በቀንና ሰዓት ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ በመጀመሪያ ቀኑን በእጃችሁ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር አስገቡ። ከዚያም የሰዓት ቀጠናውን «ናይሮቢ» አድርጉ፤ በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን የሚወክለው እርሱ ነው፣ ሁለቱ ከተሞች ሰዓታቸው አንድ ነውና። ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ተዉት፤ የእኛ ጧት 3 ሰዓት ለእርሱ 9 ሰዓት ነው። በመጨረሻ ሰዓቱን ራሱ ከኢንተርኔት እንዲያስተካክል ፍቀዱለት። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ በውስጡ የሳንቲም ቅርጽ ያላት የሰዓት ባትሪ አልቃለች ማለት ነው፤ መለወጥ ይቻላል።

በዚያ ቤት ይህ ሁሉ የፈጀው አምስት ደቂቃ ነው። ገጹ ሲከፈት እናቲቱ እልል አሉ። ልጅቱ ግን ወዲያው ስልኳን አንሥታ ለወንድሟ ደወለች፤ የመጀመሪያ ቃሏም «ለሰውየው መልሰህ ደውልለት» የሚል ነበር። እርሱም ደውሏል።

፮. ጎረቤት የተጠረጠረበት ቤት

ሁለተኛው ቤት በወልቂጤ ነው። ጉብርዬ በዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሳለሁ፣ በግቢ ጉባኤ አገልግሎት ምክንያት ከማውቃቸው አንዲት እናት ግቢ እገባ ነበር። በግቢው አራት ተከራዮች አሉ። በሲም ካርድ የሚሠራ አንድ ራውተር በጋራ ገዝተው፣ ለወሩ የሚሆነውን የዳታ ጥቅልም በጋራ እያዋጡ ይጠቀማሉ። ለእናቲቱ ልጅ አዲስ ኮምፒውተር በመጣ በሁለተኛው ቀን የወሩ ጥቅል አለቀ። እንደገና ሞሉት፤ እንደገና አለቀ። «ልጄ፤ ያ ዳር ክፍል ያለው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ፊልም እያወረደ ጨረሰብን» አሉኝ። ልጁም ሰምቷል፤ ቤት እየፈለገ ነበር።

«እማማ፤ አስቀድመን ኮምፒውተሩን እንጠይቀው» አልኋቸው። በዊንዶውስ ውስጥ የዳታ አጠቃቀምን የሚያሳይ ገጽ አለ፤ በ30 ቀናት ውስጥ የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል እንደ ወሰደ ይዘረዝራል። ከፈትነው። የጥቅሉን አብዛኛውን ክፍል የበላው የዊንዶውስ ማሻሻያ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተመረተበት ወይም ከተጫነበት ጊዜ ጀምሮ የወጡትን ማሻሻያዎች ሁሉ በአንድነት ያወርዳል፤ ፈቃድ ሳይጠይቅም በጸጥታ ይሠራዋል። ዳር ክፍል ያለው ልጅ በዚያች ሌሊት ተኝቶ ነበር።

መፍትሔው የቤቱን ዋይፋይ በኮምፒውተሩ ላይ «ሜተርድ» ብሎ መመዝገብ ነው። ያን ጊዜ ዊንዶውስ መስመሩ ተቆጥሮ የሚከፈልበት መሆኑን ያውቅና አብዛኛውን ማሻሻያ ያቆያል። ማሻሻያው ለደኅንነት የሚያስፈልግ ነውና ለዘለዓለም አታግዱት፤ ገደብ የሌለው መስመር ባለበት ቦታ ወስዳችሁ አስጨርሱት። እናቲቱ ግን ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ ይልቅ የያዙት አንድ ነገር ነበር። ቡና አፈሉና ልጁን በስሙ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት። ምን እንዳሉት አልጽፈውም፤ ከዚያ በኋላ ግን ቤት መፈለጉን ተወ።

መስመር በእርግጥ የሚሰርቅ ሰው የለም አልልም። የሌላውን የይለፍ ቃል የሚያወጣ መተግበሪያ ጭኖ በጎረቤት ገንዘብ የሚጠቀም ወጣት አለ፤ ሌላ ስም አንስጠው፣ ስርቆት ነው። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ካላችሁ ግን በሐሜት ሳይሆን በማስረጃ ፍቱት። በራውተሩ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ የተገናኙት መሣሪያዎች ዝርዝር አለ፤ የቤታችሁን መሣሪያዎች አንድ በአንድ ቆጥራችሁ ያልታወቀ ካለ የይለፍ ቃሉን ለውጡ። ነገሩ ያለ አንዳች ጠብ ያበቃል። እንግዳ ለሚበዛበት ቤት ደግሞ ብዙ ራውተሮች «ጌስት» የሚባል የእንግዳ ዋይፋይ ይከፍታሉ። የዋናውን ቁልፍ ሳትሰጡ እንግዳችሁን ታስተናግዳላችሁ።

፯. ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ካልተፈታ ባለሙያ መጥራት ተገቢ ነው። ነገር ግን ባዶ እጃችሁን አትጥሩት። በማያ ገጹ ላይ የወጣውን መልእክት እንዳለ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። የሦስቱን ጥያቄዎች መልስ ጻፉ፦ ስልክ በዚሁ ዋይፋይ ሠርቷል ወይስ አልሠራም፤ ኮምፒውተሩ በሆትስፖት ሠርቷል ወይስ አልሠራም፤ በኬብልስ? ችግሩ የጀመረው መቼ እንደሆነና ከዚያ በፊት ምን እንደ ተለወጠ ጨምሩበት። «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ተብሎ የተጠራ ባለሙያ ግማሽ ቀን የሚፈልገውን፣ ይህን የያዘ ቤተሰብ በስልክ ብቻ ሊያገኘው ይችላል። ገንዘባችሁም ይተርፋል።

በተለይ ለእናንተ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች አንድ አደራ አለኝ። በየመንደራችሁ «ኮምፒውተር ያውቃል» ተብላችሁ የምትጠሩት እናንተ ናችሁ። በተጠራችሁበት ቤት ከመሣሪያው በፊት የሚጠብቃችሁ ሰው ነው፤ አንዱ ወቃሽ፣ አንዱ ተወቃሽ ሆኖ ተቀምጧል። ቸኩላችሁ «ዕቃው የማይረባ ነው» ወይም «መስመራችሁን ሰው እየወሰደው ነው» ብትሉ፣ ቃላችሁ እንደ ባለሙያ ምስክርነት ተቆጥሮ በሻጭና በገዢ፣ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ይቆማል። ስለዚህ መርምራችሁ ያላረጋገጣችሁትን አትናገሩ። ጥፋቱን ስታገኙም አስተካክላችሁ ብቻ አትውጡ፤ ምን እንደነበረ ለቤተሰቡ ሁሉ በግልጽ አስረዱ። ያለ ጥፋቱ የተወቀሰ ሰው ካለ ስሙ የሚጸዳው በዚያች ማብራሪያ ነውና።

ይቆየን።